«ተማሩ ወይም ተዉት» ለምትሉን

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ገጹ ላይ የለጠፈው ነገር አላስተኛኝ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁም። የአንድ ፍሬምወርክ አዲስ ቨርዥን ወጥቶ ሰዎች ሲያማርሩ አየና «ሽማግሌዎቹ ዛሬም ለቅሶ ተቀምጠዋል። ቴክኖሎጂ አይጠብቃችሁም፣ ተማሩ ወይም ተዉት» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት በሽ ነው። ከሳቁት ውስጥ ብዙዎቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ኮመንት ላይ ልመልስለት ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የሶፍትዌር ነገር በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እኔው ራሴ ይምታታብኛል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ ልጅ «ተማሩ ወይም ተዉት»ን ከየት እንዳመጣት አውቃለሁ። ከእኔ ነው። ማርከር ይዤ፣ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ የማታ ተማሪዎቼን ደጋግሜ ብያቸዋለሁ። ስለዚህ የምከራከረው ከእሱ ጋር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ወጣቶቹ ታሪኩን ስለማታውቁት ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ዛሬ አንጉላር የምትሉት ሌላ ነው። ከእሱ በፊት አንጉላር ጄኤስ የሚባል ነበር። ሚሽኮ ሄቨሪ የተባለ ሰው በ2009 ገደማ የጀመረው፣ በኋላ ጉግል ውስጥ ያደገ፣ 1.0 የተባለው ቨርዥኑ በ2012 የወጣ። እኛ አገር ለምን እንደተወደደ ልንገራችሁ፦ አንድ ፋይል ነበር። አንድ! ከፍላሽ ላይ ገልብጠህ ፎልደርህ ውስጥ ትጥለዋለህ፣ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ አንድ መስመር ትጨምራለህ፣ በቃ ይሠራል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሳጥን ውስጥ ስምህን ስትጽፍ ከላይ ያለው ርዕስ አብሮ ሲቀየር ያየ ተማሪ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አሁንም አልረሳሁትም። መብራት በሄደበት ማታ እንኳ ባትሪው በተረፈ አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው ይሞክሩት ነበር።

እሺ። ኦክቶበር 2014፣ ፓሪስ። የአውሮፓ የአንጉላር ጉባኤ ላይ ከቡድኑ ኢጎር ሚናር እና ቶቢያስ ቦሽ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ቨርዥን 2 ተናገሩ። ስክሪኑ ላይ የመቃብር ድንጋይ ታየ። እየቀለድኩ አይደለም፤ የመቃብር ድንጋይ። ኮንትሮለር፣ ሞተ። ስኮፕ፣ ሞተ። የሞጁል አጻጻፉ፣ ሞተ። ሰው ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ የተማረው፣ ደንበኛ ቤት ወስዶ የተከለው፣ ሲቪው ላይ የጻፈው ነገር አንድ በአንድ ተቀበረ። የድሮውን ኮድ ወደ አዲሱ እንዴት እንደምናሻግር በዚያ ቀን የጠራ መልስ አልነበረም። በዚያ ላይ አትስክሪፕት የሚሉት አዲስ ቋንቋ ጨመሩበት፤ እሱን ደግሞ ወራት ሳይቆዩ፣ ማርች 2015 ላይ፣ ትተውት ወደ ታይፕስክሪፕት ዞሩ።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? ዓለም ላይ ያለ ዲቨሎፐር ጮኸ። ያኔም ዛሬ የምሰማውን መልስ ነው የሰጧቸው፦ ለውጥ ትፈራላችሁ፣ ሰነፎች ናችሁ።

እዚህ ጋ ፍትሐዊ ልሁን። የቡድኑ ምክንያት እውነተኛ ነበር። አንጉላር ጄኤስ ለውጥን የሚያውቀው እንዴት መሰላችሁ? ሱቁ ውስጥ አንዲት ከረሜላ በተሸጠች ቁጥር መደርደሪያውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እንደሚቆጥር ባለሱቅ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ የተቀየረ ነገር ካገኘ እንደገና ይቆጥራል። እንደገና። አሥር ዙር ቆጥሮ ካልረጋለት ተስፋ ቆርጦ ስህተት ያወጣል። መቶ ዕቃ ሲሆን አይታወቅም። ሺዎች ሲሆኑ፣ በዚያ ላይ በርካሽ ስልክ ሲከፈት፣ ገጹ ይንቀረፈፋል። ይህን በጥገና ብቻ ማስተካከል ከባድ ነበር፤ ከመሠረቱ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ይህን የሚክድ አንጉላር ጄኤስን በትልቅ ሥራ ላይ ያልሞከረ ነው።

ታዲያ ጸቡ ምን ላይ ነው? «አዲሱ ይሻላል ወይስ አሮጌው?» የሚለው ላይ አይደለም። አዲሱ ይሻል ነበር። ጸቡ መሻገሪያውን ማን ይከፍላል በሚለው ላይ ነው። የቀየረው ሰው አይከፍልም፤ እሱ በደመወዝ ነው የሚቀይረው። የሚስቀውም አይከፍልም። የሚከፍለው በዚያ መሣሪያ ለሌላ ሰው ቃል የገባው ነው።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚያከፋፍሉ አንድ ጋሼን አሳምኖ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሊሠራላቸው ተዋዋለ፤ ግማሹን ቀብድ፣ ግማሹን ሲያልቅ። በአንጉላር ጄኤስ ጀመረው፣ ጥሩ አድርጎም ሠራው። ጋሼ በኮምፒውተር የማያምኑ ሰው ነበሩ፤ ለልጁ ሲሉ ነው እሺ ያሉት። 2016 መጀመሪያ ላይ ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ልጁ መጥቶ «ቲቸር፣ አንጉላር 2 ሊወጣ ነው ይባላል፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት? «የሞተ ነገር ለሰው ትሸጣለህ እንዴ? በአዲሱ ጻፈው።»

አዲሱ ያኔ ቤታ ነበር። ሜይ ላይ የመጨረሻ ዕጩ የሚባለው ቨርዥን ወጣ፤ ዕጩ ማለት እንግዲህ ከእንግዲህ ትልቅ ነገር አይቀየርም፣ ስህተት ብቻ እናርማለን ማለት ነው ብለን ነበር የምናስበው። ልጁ ደስ ብሎት ገባበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ከገጽ ወደ ገጽ የሚያሻግረው ራውተር የሚሉት ክፍል አንዱ ተጽፎ ተጣለ፣ ሁለተኛው ተጽፎ ተጣለ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ፎርም የሚሠራበት መንገድ ተቀየረ። ኦገስት ላይ፣ በአምስተኛው ዕጩ፣ አፑ የሚደራጅበት ኤንጂ ሞጁል የሚባል ሙሉ አዲስ ነገር ገባ። የመጨረሻው ቨርዥን የወጣው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016 ነው። ቤቱን አስረክበው ሊወጡ ወር ሲቀራቸው መሠረቱን እንደማንሳት በሉት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ ኤንጂ ሞጁል ዛሬ የት ነው? ከ2022 ጀምሮ ያለ እሱ መሥራት ይቻላል ተባለ። 2024 መጨረሻ ላይ በወጣው ቨርዥን 19 ደግሞ ያለ እሱ መሥራት ዋናው መንገድ ሆነ። ልጁ ስንት ሌሊት አጥቶ ያስገባው ነገር እኮ ነው።

ግን ኮዱ መቀየሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። ስለዚህኛው ክፍል ማንም አይጽፍም፣ ፓሪስ መድረክ ላይ ስለማይታይ። አንጉላር ጄኤስ አንድ ፋይል ነበር አልኳችሁ። አዲሱን ለመጀመር ኖድ መጫን፣ ከኖድ ጋር የሚመጣውን የፓኬጅ ማውረጃ መልመድ፣ የታይፕስክሪፕት መተርጎሚያ ማዘጋጀት፣ ፋይሎቹን የሚያገጣጥም ሌላ መሣሪያ መጨመር ግድ ሆነ። «ሰላም ዓለም» ለማለት! ያ የፓኬጆች ፎልደር በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። በእኛ ኢንተርኔት ሲወርድ ያድራል፤ ሰማንያ ፐርሰንት ላይ ይቆረጣል፣ እንደገና ከሀ። በፍላሽ እንቀባበል ብለን ሞከርን። ፍላሽ አንድ ትልቅ ፋይል ሲሰጡት ይሮጣል፤ ሠላሳ ሺህ ጥቃቅን ፋይል ሲሰጡት ግን ያለቅሳል። ዚፕ አድርገን፣ ክፍል ውስጥ ተሰልፈን፣ አንዱ የአንዱን ላፕቶፕ እየጠበቀ ስንገለብጥ አንድ ሙሉ የትምህርት ማታ አለቀብን። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሽ ተዘጋ። አዲሱ ቨርዥን በወጣ በወሩ ማለት ነው።

እንግዲህ ይሄ ልጅ «ተማር» የሚባለው ምን ይማር? አልማርም ያለ ሰው አልነበረም። እየተማረ ነው የከሰረው።

ጋሼ ታገሡት። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጣቸው፣ ሦስቱንም አላደረሰም። በመጨረሻ «ልጄ፣ ቀብዱን መርቄልሃለሁ፣ እኔ ደብተሬ ይሻለኛል» አሉት። ቀሪውን ግማሽ አልከፈሉም፤ በምን ሒሳብ ይከፍላሉ? ልጁ ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ደህና ነው፣ ቤተሰብም መሥርቷል። ኮድ ግን አይጽፍም። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያንገበግበኛል፦ የጣልነው የአንጉላር ጄኤሱ ኮድ ይሠራ ነበር። ቡድኑ ያንን «ሙት» እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2021 ድረስ ደገፈው፤ ጁን ላይ ሊያበቃ ታስቦ በኮቪድ ምክንያት ስድስት ወር ጨመሩለት። የመቃብር ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ ማለት ነው። ያኔ ዝም ብዬ «ያለውን ጨርሰህ አስረክብ» ብለው ኖሮ ጋሼ ቢያንስ አምስት ዓመት በተደገፈ ሶፍትዌር ይሠሩበት ነበር።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ፓሪስ ላይ አልጥልም። ያ ምክር የእኔ ነበር። መምህር ነኝና ያልተረጋጋን ነገር ከተረጋጋው የመለየት ኃላፊነት የእኔ ነበር። አዲስ ነገር አውቃለሁ መባል አማረኝ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ። ከጽሑፍህ ሥር አንዱ «በነፃ የተሰጣችሁን ትወቅሳላችሁ?» ብሎህ ነበር፣ አንተም ላይክ አድርገህለታል። በነፃ ነው፣ እውነት ነው። ላይሰንሱ ኮዱን ወስደህ የፈለግኸውን እንድታደርግ ይፈቅዳል፣ ማንም የገንዘብ ዕዳ የለበትም። ግን ፍሬምወርክ መንገድ ዳር ወድቆ የተገኘ ሳንቲም አይደለም። ባለቤቶቹ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ቪዲዮ ይሠራሉ፣ «በዚህ ሥሩ፣ ይታመናል» ይላሉ። ሰርግ ጠርቶኝ ከሄድኩ በኋላ መሀል ላይ ድንኳኑን ሊነቅል ሲጀምር «በነፃ ነው የበላኸው» ቢለኝ ዝም ልበል? ቢያንስ ወንበሬን ይዤ የምወጣበት በር ልጠይቅ እንጂ።

ደግሞ አማራሪ ሁሉ ልክ ነው አልልም። ጁን 2019 የቪዩ ቡድን ለቨርዥን 3 አዲስ የኮድ አጻጻፍ ሐሳብ አቅርቦ አገር ተቀወጠ። ከጮኹት ውስጥ ብዙዎቹ ሰነዱን አላነበቡትም ነበር፤ ርዕሱን አይተው ነው የተነሱት። እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ከፓሪስ ወዲህ የመቃብር ድንጋይ የማይበት ቦታ በዝቶብኝ። ግን ልብ በል፦ ያ ጩኸት ምን አመጣ? ኢቫን ዩ እና ጓደኞቹ ሰነዱን አስተካክለው፣ አዲሱ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ። ቪዩ 3 ሴፕቴምበር 2020 ሲወጣ የድሮው አጻጻፍ አብሮ ወጣ። ዛሬም አለ። ሽማግሌዎቹ «ለቅሶ ባይቀመጡ» ያ ዓረፍተ ነገር በዚያ ፍጥነት ይጻፍ ነበር?

የሪአክትን ደግሞ ተመልከት። ኦክቶበር 2018 ሁክስን ሲያስተዋውቁ ገና ከመጀመሪያው ክላስን ለማስወገድ ዕቅድ እንደሌላቸው ተናገሩ፤ ኮዳችሁን ተነስታችሁ እንደገና አትጻፉ፣ በአዲስ ሥራ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት አሉ። ስንት ዓመት ሆነው? ክላስ ዛሬም ይሠራል። ለውጡ ትንሽ ነበር እንዳትለኝ፤ የአስተሳሰብ ለውጡ ከባድ ነበር፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አደናግሮኛል። ያም ሆኖ ደንበኛው ፊት ያፈረ ተማሪ አልነበረኝም። ልዩነቱ የለውጡ መጠን ላይ ሳይሆን ሰውን ያከበረ በመሆኑ ላይ ነው።

አንጉላሮቹ ራሳቸውም ተምረዋል፣ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። ድሮውንና አዲሱን አንድ ገጽ ላይ አብሮ የሚያሠራ ድልድይ ሠሩ (ሁለቱንም ማውረድ ስላለበት የተጠቃሚውን ካርድ ይበላል እንጂ ድልድይ ነው)። በ1.5 ቨርዥን ድሮው ውስጥ ሆኖ እንደ አዲሱ መጻፍ የሚቻልበትን መንገድ ጨመሩ። በኋላም በየስድስት ወሩ የሚወጣ ቨርዥን፣ ነገር ከመወገዱ በፊት ማስጠንቀቂያ፣ ኮድህን በአንድ ትእዛዝ የሚያስተካክልልህ መሣሪያ አመጡ። ከ2 ወደ 4 ዘልለው 3ን ሲያልፏት ስቀን ነበር፤ ምክንያቱ ያ ሦስተኛ ላይ የቆመው ራውተር ቁጥሩን ቀድሞ ስለያዘው ነው። ጩኸቱ ብቻውን ይህን ሁሉ አመጣ አልልም። ግን ዝም ቢባል ይመጣ ነበር የሚለኝን ሰው አላምነውም።

አንድ የምጠይቅህ አለ። አንተ አሁን ጥሩ ድርጅት ውስጥ ነህ። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ሥራ አስኪያጅህ ሁለት ሳምንት መድቦልህ፣ ደመወዝህ ሳይቆም፣ በፈጣን ኢንተርኔት ትቀይረዋለህ። ከቀየርክ በኋላም «ይኸው ቀላል ነው» ትላለህ። ለአንተ ቀላል ነው። ለብቻዋ የአምስት ትንንሽ ደንበኞችን ሲስተም የያዘች፣ ማታ ልጇን አስተኝታ የምትሠራ አንዲት ሴት ግን አዲሱን ለመማር ያላት ጊዜ ያው የምትተኛበት ነው። ስታማርር «ሽማግሌ» አልካት። እድሜዋ እኮ ካንተ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሚያሳስበኝ አዲሶቹ ተማሪዎች ያንተን ጽሑፍ ማንበባቸው ነው። ከዚያ ምን ይማራሉ? ጥያቄ መጠየቅ ሽንፈት ነው ብለው ነው የሚማሩት። «ይህ ነገር ለስንት ዓመት ይደገፋል? ሲቀየር መንገዱ ምንድን ነው? ቤታ ነው ወይስ የጸና?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በሚሳቅበት ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቅ የሰው ሱቅ ላይ ቤታ ይጭናል። እኔ እንዳስጫንኩት።

ጽሑፉን አጥፋው አልልህም፤ ገጹ ያንተ ነው።

የዚያ ልጅ ኮድ አሁንም እኔ ጋ አለ፣ የ2016ቱ፣ አሮጌ ፍላሽ ላይ። ባለፈው ቅዳሜ ከፈትኩት። ኢንተርኔት ሳልከፍት፣ ምንም ሳልጭን፣ ፋይሉን ሁለቴ ስነካው ተከፈተ። የፍሬን ሸራ፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የጎን መብራት፣ ብዛት፣ ዋጋ። አንዱን ቁጥር ቀየርኩት፣ ድምሩ ከታች አብሮ ተቀየረ። ለልጁ ደወልኩለትና ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቲቸር፣ አሁንም ይሠራል?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ችግር የለም» አለ፣ እንደ ሁሌው ጨዋ ነው።

ይህን የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እጃችሁ ላይ የቆየ የአንጉላር ጄኤስ ሲስተም ካለና ደንበኛው አሁንም የሚጠቀምበት ከሆነ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ድጋፉ ካበቃ ቆይቷል፤ የደህንነት ክፍተት ቢገኝ ቡድኑ ከእንግዲህ አይደፍነውም፣ ስለዚህ በተለይ ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ከሆነ ዝም ብሎ መተው አይቻልም። ግን አንድ ሌሊት ላይ ማፍረስም አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ቁጭ ብለን የትኛው ይቆይ፣ የትኛው መጀመሪያ ይሻገር የሚለውን እናያለን። ክፍያ የለም። ፓኬጆቹን እኔ ቀድሜ አወርዳለሁ፣ እናንተ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።

አንተም ና። ከሁላችንም ፈጥነህ የምትጽፈው አንተ ነህ።